ሱቅ ሲደርስ የሚድን ስፒከር

ቤት ውስጥ ታሞ፣ የገዛችሁበት ሱቅ በር ላይ ሲደርስ ድኖ የሚያሳጣችሁ ዕቃ ገጥሟችሁ ያውቃል? ልጅ እንዲህ ያደርጋል። ሲያስል ያደረ ልጅ ጤና ጣቢያ ሲደርስ ነጭ ጋዋን የለበሰ ሰው ያይና በአንድ እግሩ እየዘለለ መጫወት ይጀምራል፤ እናቱ "እውነቴን ነው ዶክተር፣ እንቅልፍ ነሥቶን ነው ያደረው" እያለች በገዛ ልጇ ፊት ውሸታም ትሆናለች። ልጅስ ይሁን፤ መርፌ ይፈራል። ስፒከር ግን ምን ይፈራል?

ጥያቄውን ለጨዋታ ማሳመሪያ ያነሳሁት እንዳይመስላችሁ። የፊዚክስ መምህር ነኝ። ጥያቄ ካነሳሁ ሳላብራራ አልለቅም። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ ጀምሬ በቅደም ተከተል ላስረዳችሁ። ቅደም ተከተል ነፍሴ ነው። ጠመኔ እንኳ ነጩን በግራ፣ ባለ ቀለሙን በቀኝ ለይቼ ነው የማስቀምጠው። ተማሪዎቼ ይህን ስለሚያውቁ ፈተና እንዳልሰጣቸው ሲፈልጉ አንድ ሰማያዊ ጠመኔ ነጮቹ መሃል ይሰነቅራሉ፤ እኔ ያንን ሳስተካክልና የሥርዓትን ጥቅም ሳስረዳ ክፍለ ጊዜው ያልቃል።

ከደሴ ተመድቤ አሰላ ስመጣ ትምህርት ቤቱ የሰጠኝ ተጨማሪ ሥራ የሚኒ ሚዲያ ክበብ ኃላፊነት ነበር። ክበቡ ስም ነበረው፣ አባላት ነበሩት፣ የሌለው ሚዲያ ብቻ ነው። ደወላችን ዛፍ ላይ የተሰቀለ የጭነት መኪና ቸርኬ ሲሆን የማስታወቂያ መሣሪያችን ደግሞ የርዕሰ መምህርታችን የወይዘሮ አልማዝ ጉሮሮ ነበር። ልጆቹ ከክፍሎቹ ጀርባ ባለችው መሬት ላይ ካሮትና ጥቅል ጎመን አለሙ፤ ቆፈሩ፣ አጠጡ፣ ገበያ ወስደው ሸጡ። በእሱ ነው ስፒከሩ የተገዛው። ቁመቱ ከጉልበቴ በላይ፣ ጎማና እጀታ ያለው፣ ሲናገሩበት ዙሪያውን ቀይና አረንጓዴ የሚያበራ፣ ከገመድ አልባ ማይክ ጋር። የገባ ቀን ልጆቹ እንደ ሙሽራ ነበር የተቀበሉት።

ከሁሉም በላይ የተደሰተችው ሐዊ ናት። ሐዊ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪና የክበቡ ዜና አንባቢ ነች። ጽሑፏ ወርቅ ነው፤ ድምፅዋ ግን ጉንፋን የያዛት ትንኝ ድምፅ ነው። ክፍል ውስጥ መልስ ስትሰጥ ከንፈሯን አይቼ ነው የማርመው። መጀመሪያ ቀን ማይኩን ይዛ አንድ ዓረፍተ ነገር ስታነብ ድምፁ ግቢውን ሞላው። ሐዊ ዘወር ብላ ማን እንደተናገረ ከኋላዋ ፈለገች። ራሷ እንደሆነች ስታውቅ የሣቀችውን ሣቅ ብታዩ እናንተም ካሮት ትተክሉ ነበር። ለቅዳሜው የወላጆች በዓል ዜና ልታነብ ተዘጋጀች፤ አባቷም ከኦጎልቾ ሊመጣ ቃል ገባ። ልጁ ስትናገር ቤት ውስጥ እንኳ በደንብ ሰምቷት አያውቅማ።

እንግዲህ ሰኞ ጠዋት፣ ሰንደቅ ዓላማ ከተሰቀለ በኋላ፣ ስፒከሩን በይፋ ላስተዋውቅ ወጣሁ። የሚኒ ሚዲያን ጥቅም በሰባት ነጥቦች ከፍዬ አዘጋጅቻለሁ። የአሰላ የጠዋት ብርድ የታወቀ ነው፤ ነፋሱ ከጭላሎ ተራራ ተነሥቶ ቀጥታ አንገት ውስጥ ነው የሚገባው። ቢሆንም አንደኛውን ነጥብ አብራራሁ፤ ሁለተኛውን አብራራሁ፤ ሦስተኛው ንዑስ ነጥቦች ነበሩት። አራተኛው መሃል ላይ ስፒከሩ "ጢጥ" አለና አንዲት ፈረንጅ ሴት፣ አውሮፕላን ውስጥ ምግብ እንደምታቀርብ አስተናጋጅ በለሰለሰ ድምፅ፣

"ፓወር ኦፍ" አለች።

ጠፋ። ግቢው በጭብጨባ ተናወጠ። የስፖርት መምህራችን ደረጀ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ "ሰው ሲሰለቸው ሰዓቱን ያያል። ይሄ ግን ወንድ ነው፣ ፊት ለፊት ተናገረህ" አለኝ።

ባትሪው እንደሆነ ሙሉ ነው። መልሼ ሳበራው ሠራ፤ ረዘም አድርጌ ስናገር ሴትዮዋ ተመልሳ መጣች። ወይዘሮ አልማዝ ጥግ ወሰዱኝ።

"ልጄ፣ ቅዳሜ ወላጅ ይመጣል። በወላጅ ፊት 'ፓወር ኦፍ' የምትል ሴት አልፈልግም። እስከ ዓርብ ወይ ታስተካክለዋለህ፣ ወይ የሚኒ ሚዲያው ፕሮግራም ይቀርና እኔው በጉሮሮዬ እመራዋለሁ።"

ሐዊ አጠገባችን ቆማ ነበር። የሆነ ነገር አለች። ማይክ ስላልነበረ ምን እንዳለች አልሰማንም።

ስፒከሩን የሸጠልን ጋሽ ከድር ነው። ሱቁ ዋናው መንገድ ዳር፣ ባጃጆቹ የሚቆሙበት ፊት ለፊት ናት፤ ሬዲዮ፣ የፀሐይ መብራት፣ የስልክ ሽፋን፣ የጁስ መፍጫ፣ ሁሉም እርስ በርሱ ተደጋግፎ የተቀመጠባት። እኔ ብሆን በቁመት እደረድረው ነበር። ከድር ከእኔ በብዙ ዓመት ይበልጣል፣ ጨዋታ ያውቃል፣ ደንበኛ ያከብራል። ብቻ "ተበላሸ" የሚባል ቃል አያውቅም።

"ቲቸር! አካም? ሰላም ነህ? ትምህርት ቤቱስ? ልጆቹስ? ደሴ ሰላም ናቸው? ብርዱን ለመድከው?"

"ደህና ነኝ ጋሽ ከድር። ስፒከሩ ነው የታመመው።"

"ማ? ይሄ?" ማይኩን ነጠቀኝ። "ሃሎ! ሃሎ! ማይክ ሙከራ!"

ከመንገዱ ማዶ የቆመች አህያ ጭነቷን ይዛ ደነበረች።

"ይሄ ነው የታመመው? ይሄ እኮ አንተንም እኔንም ይቀብራል!"

"አጭር ንግግር ላይ ደህና ነው። ረዘም ሲል ነው የሚጠፋው።"

"ማነው ረዘም የሚል? ለሠርግ ሸጫለሁ፣ ለልደት ሸጫለሁ፣ እስከ ጮሌ ከተማ ድረስ ሸጫለሁ። ጠፋብኝ ያለ ሰው የለም።"

ሙዚቃ ከፈተበት። እኔ ሄጄ ክፍለ ጊዜዎቼን አስተምሬ ስመለስ ስፒከሩ አሁንም ይዘፍናል፤ ሁለት የባጃጅ ሾፌሮች ፊቱ ቆመው ትከሻቸውን ይሰብቃሉ። አንዱ "ቲቸር፣ በሽተኛህ እኛን አስጨፈረን" አለኝ። አንገቴን ደፍቼ ስፒከሩን እየጎተትኩ ተመለስኩ። ጎማዎቹ ኮብልስቶኑ ላይ ሲንኳኩ ከተማው ሁሉ ዞሮ ያያል። ዳገቱ ላይ ልምምድ የሚሠሩ ሯጮች ሁለት ጊዜ ደረቡኝ፤ በሁለተኛው ዙር አንዷ በርኅራኄ "በርታ፣ ቀርቦሃል" አለችኝ።

መምህራን ክፍል አስገብቼ ደረጀን አስቀመጥኩትና ሙከራ አደረግሁ። ስለ ሙቀት መተላለፊያ መንገዶች ማይኩን ይዤ አስረዳሁት። ሦስተኛው መንገድ ላይ "ጢጥ። ፓወር ኦፍ።" ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። ምስክር አገኘሁ!

በማግሥቱ ምስክሬን ይዤ ከድር ዘንድ ቀረብሁ።

"ወንድሜ ደረጀ" አለው ከድር፣ "በዓይንህ ሲጠፋ አይተሃል?"

"አላየሁም።"

"ደረጀ!" አልኩት።

"ምን ላድርግ? ከስፒከሩ በፊት የጠፋሁት እኔ ነኝ። ስነቃ ሁለታችሁም ዝም ብላችኋል።"

ከድር በሣቅ የጁስ መፍጫ ላይ ተደገፈ። ምስክሬን ይዤ ወጣሁ፤ እንዲያውም ምስክሬ እኔን ይዞ ወጣ።

አሁን ወደ ሳይንሱ ልግባ፤ አጭር ነው፣ አትፍሩ። ስሌቴ እንዲህ ነበር፦ ማይኩን የሚቀበለው ክፍል ያለ ዕረፍት ሲሠራ ይሞቃል፣ ሲሞቅ ስፒከሩን ያጠፋዋል። ማይኩ ሲዘጋ ደግሞ ይቀዘቅዛል፣ ይድናል። ሙዚቃ በሌላ በር ስለሚገባ አይነካውም። ስለዚህ ጥፋቱን ለማሳየት የሚያስፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከድር ዓይን ሥር ማይኩን ሳይዘጉ ረጅም ጊዜ መናገር። ይሄ ደግሞ ምንም ሌላ ተሰጥኦ ባይኖረኝ ያለኝ ተሰጥኦ ነው።

ሐሙስ ከሰዓት ሱቁ መሃል ተቀምጬ ጀመርኩ። "የድምፅ ሞገድ ማለት..." ከማለቴ አንዲት እናት የባትሪ ድንጋይ ሊገዙ ገቡ።

እዚህ ላይ እንግዳ ለሆናችሁ ላስረዳ። በዚህ አገር ሰው ሲገባ ዝም ብሎ ከማሽን ጋር የሚያወራ ሰው ወይ ያልተቀጣ ነው ወይ ሐኪም ያስፈልገዋል። ማይኩን ዘግቼ ብድግ አልኩ፣ እጃቸውን በሁለት እጄ ያዝኩ። ሰላም ነዎት፣ ቤተሰብ ሰላም፣ ከብቱ ሰላም፣ ዝናቡ እንዴት ነው፣ ገብሱስ? የሳቸው ተራ ሲደርስ ደግሞ ስለ እናቴ ጠየቁኝ፣ ስለ ደሴ ጠየቁኝ፣ ለምን እንዳላገባሁ ጠየቁኝ። ሰላምታው ሲያልቅ ስፒከሩም ዐርፎ፣ ቀዝቅዞ፣ ጉንጩ ሞልቶ ይጠብቀኛል። እንደገና "የድምፅ ሞገድ ማለት..." ስል ጎረቤቱ ፋርማሲስት ገባ። ተነሣሁ። ከዚያ አንድ ገበሬ። ከዚያ የገበሬው አማች። የድምፅ ሞገድ ምን ማለት እንደሆነ እስከ ዛሬ አሰላ ውስጥ አልታወቀም።

ሰው እየበዛ ሄደ፤ የገባው አይወጣም። በመጨረሻ ከድር ትዕግሥቱ አለቀ።

"ቲቸር፣ እንደ ወንድም ልንገርህ። ስፒከሩ ማጥፊያ አለው፣ ጤነኛ ነው። ማጥፊያ የሌለህ አንተ ነህ።"

ሱቁ በሣቅ ፈረሰ። እኔም ከሦስት ቀን ድካም፣ ከዳገቱ፣ ከደረጀ ክህደት ጋር ተደማምሮ ደሜ ፈላ።

"አንተ ሰውዬ! ዓይን አውጣ ነህ!"

ሁለት ስሕተት ሠራሁ። አንደኛ፣ እርስዎ የምለውን ታላቄን "አንተ" አልኩት። ሁለተኛ፣ ማይኩ ክፍት ነበር።

"አንተ ሰውዬ" ከስፒከሩ ወጥቶ መንገዱን ተሻገረ፤ ሥጋ ቤቱን አለፈ፤ ባጃጆቹን ዞረ፤ ጭላሎን ነክቶ ተመለሰ ብል ብዙ አላጋነንኩም። መንገደኛው ሁሉ ቆመ። ከድር ወደ ማይኩ ጎንበስ ብሎ "እኔን ነው ዓይን አውጣ?" አለ፤ ያም ለከተማው ተላለፈ። ከዚያ በንዴቱ መሃል ነጋዴነቱ አሸነፈውና ወደ ተሰበሰበው ሰው ዞሮ፣ "ጥራቱን ግን ስሙልኝ!" አለ።

በዚህ ጊዜ ከጎን ካለው ሻይ ቤት ኦቦ ቱፋ ብቅ አሉ። ኦቦ ቱፋ የሰፈሩ ሽማግሌ ናቸው፤ ረጅም፣ ባለ ከዘራ፣ ሲመጡ መንገድ ራሱ ዳር ዳሩን የሚይዝላቸው።

"ማል ታኤ? ምን ሆናችሁ? ሻዬን እየጠጣሁ ስድብ እንደ ዜና እሰማለሁ!"

አርሲ ውስጥ ሁለት ሰው በአደባባይ ክፉ ቃል ከተለዋወጠ ሽማግሌ እያየ እንዲሁ አይለያይም። ቁጭ ይደረጋል። ከሻይ ቤቱ በርጩማ መጣ፤ የተረፈው ሰው ካርቶን ላይ ተቀመጠ። ኦቦ ቱፋ መጀመሪያ እኔን እንድናገር ፈቀዱ።

"ነገሩን በሦስት ክፍል አየዋለሁ" ብዬ ጀመርኩ።

"አንደኛውን ንገረኝና ሁለቱን ለልጆችህ አውርሳቸው" አሉኝ።

ነገርኳቸው። ከድርም ተናገረ። ከዚያ ኦቦ ቱፋ፣ "የተከሰሰው ሳይጠየቅ አይፈረድም" አሉና ስፒከሩን መሃላችን አስቆሙት። ማይኩን ተቀብለው፣ እንደ ሰው ጎንበስ ብለው፣ "ጤናህ እንዴት ነው?" አሉት። ስፒከሩ በነጎድጓድ ድምፅ "ጤናህ እንዴት ነው?" አለ።

"ደህና ነው" አሉ ኦቦ ቱፋ። "እንዲያውም የኔን ይጠይቃል።"

ፍርዱ እንዲህ ሆነ። ዕቃው ደህና ነው፤ መምህሩ ይዞት ይሄዳል። ታላቁን አንተ ስላለ ይቅርታ ይጠይቃል። ከድርም እንግዳ ልጅ ፊት ክፉ ስለተናገረ ይቅርታ ይጠይቃል።

ተነሣሁ። "ጋሽ ከድር፣ አጥፍቻለሁ። ይቅር ይበሉኝ" አልኩ። ከልቤ ነበር። ከድርም ዓይኑ እርጥብ ብሎ "ማጥፊያ አለህ ቲቸር፤ ቆይቶ ነው እንጂ ይሠራል፤ ይቅር በለኝ" አለ። ትከሻ ለትከሻ ተሳሳምን። ሰው ደስ አለው። እኔ ግን ከከድር ትከሻ በላይ ያን የሚያብለጨልጭ ስፒከር ሳይ ሐዊ ታየችኝ። ነገ ዓርብ ነው። ካሮቱ፣ ጎመኑ፣ ከኦጎልቾ የሚመጣው አባት። ምን ብዬ ነው የምነግራት? ደግሞ የምትመልስልኝን እንኳ አልሰማውም።

ዕርቅ ያለ ምርቃት አያልቅም። ኦቦ ቱፋ እጃቸውን ሊዘረጉ ሲሉ ከድር ተነሣ። ዕቃው በሽማግሌ ፊት ጤነኛ ተብሎለት ደረቱ ተነፍቷል።

"ኦቦ ቱፋ፣ በማይክ ይሁንልኝ! ስድቡን የሰማ ከተማ ምርቃቱንም ይስማ!"

ሐሳቡ ሸጋ ነበር። ሁሉም አጨበጨበ። ኦቦ ቱፋ ማይኩን ያዙ፤ ሁላችንም ቆመን መዳፋችንን ዘረጋን። ባጃጆቹ ሞተር አጠፉ።

"ናጋ ኑፍ ሃ ኬኑ! ሰላም ይስጠን!"

"አሜን!" አልን። ከድርና ጎረቤቶቹ "አሚን!"፤ ፋርማሲስቱ በጴንጤ ወጉ "አሜን፣ አሜን!" ሁለት ጊዜ።

"ዝናቡን በጊዜው ያውርድልን!" "አሜን!" "ገብሱን ከውርጭ ይጠብቅልን!" "አሚን!"

ይሄኔ አንድ ደንበኛ ሱቁ በር ላይ ደረሰ። እንደ ልማዴ ለሰላምታ ልንቀሳቀስ ስል ሰውዬው ማንንም ሰላም ሳይል ኮፍያውን አውልቆ መዳፉን ዘረጋ። ሌላ መጣ፤ እሱም ዘረጋ። ማንም ማንንም አልጨበጠም። ኦቦ ቱፋም አላቋረጡም።

እኔም ልጨፍን ስል አንዱን ዓይኔን ክፍት ተውኩ። አሰላ ውስጥ ሰላምታ የማያቋርጠው አንድ ንግግር ብቻ አለ! ማይኩ ክፍት ነው። የስፒከሩ መብራት ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ቀይ ይላል።

ከዚያ በኋላ እንደኔ አሜን ያለ ሰው አልነበረም። ምርቃቱ እንዳያጥር በሆዴ እማልዳለሁ፤ ኦቦ ቱፋ፣ እባክዎ ከብቱን እንዳይረሱ! አልረሱም። ላሞቹን መረቁ። ጥጃዎቹን ለብቻ መረቁ። "ስንዴውንስ!" አልኩ በሹክሹክታ፤ ስንዴው ተመረቀ። ባቄላው ተመረቀ። ነፍሰ ጡሮች፣ መንገደኞች፣ ተማሪዎች ተመረቁ። ከድር ከጎኔ በመገረም አየኝ፤ እንዲህ ያለ መንፈሳዊ ሰው መሆኔን አላወቀም ነበር።

"እነዚህን የተጣሉትን ልጆቼን ያፋቅርልን!"

"አሜን!"

"ይህችን ሱቅ በረከት ይሙላት!"

"አሜን!"

"የከድር ንግድ—"

ጢጥ።

"ፓወር ኦፍ" አለች ሴትዮዋ፣ በዚያ በለሰለሰ ድምፅዋ።

"አሜን!!" አለ ሕዝቡ በአንድ አፍ።

ከዚያ ከድር ጮኸ።

"አይ! አይ! አሜን አትበሉ! መልሱት! አሜኑን መልሱት!"

"አሜን እንዴት ነው የሚመለሰው?" አለ አንዱ የባጃጅ ሾፌር፣ ከልቡ ተጨንቆ።

ኦቦ ቱፋ ማይኩን አገላብጠው አዩት። "ማናት ያቋረጠችኝ?"

"እኔ አላውቃትም!" አለ ከድር። "ከዕቃው ጋር ነው የመጣችው!"

"እኔ ስመርቅ አቋርጦኝ የሚያውቅ የለም። ሞት ራሱ ቢመጣ ቆሞ አሜን ብሎ፣ ከዚያ ነው የመጣበትን የሚናገረው።"

እኔ በዚህ መሃል "ጋሽ ከድር፣ አሁን እንዳዩት የማይኩ መቀበያ ሲሞቅ..." ብዬ ማብራራት ጀምሬ ነበር። የሚሰማኝ አላገኘሁም። ከድር የኦቦ ቱፋን እጅ ይዞ ይለምናል።

"አባቴ፣ ከቆሙበት ይቀጥሉልኝ። 'የከድር ንግድ' ብለው ነው የቆሙት፤ እባክዎ እንዲህ ተንጠልጥሎ አይደር!"

"የተበጠሰ ምርቃት አይቀጠልም ልጄ። ከሥሩ ነው የሚጀመረው። ግን በዚች ሴት በኩል አላልፍም።"

ከድር ሱቁ ውስጥ ሲገባ ያየሁትን ፍጥነት ዳገቱ ላይ ከሚለማመዱት ሯጮች አላየሁም። አዲስ ካርቶን ይዞ ወጣ፣ በጥርሱ ቀደደው፣ ስፒከሩን አቁሞ ማይኩን በሁለት እጁ አቀረበ። ሁላችንም እንደገና ቆምን። "ናጋ ኑፍ ሃ ኬኑ!" ሰላሙ፣ ዝናቡ፣ ገብሱ፣ ላሞቹ፣ ጥጃዎቹ ለብቻ። አሁን ደግሞ ምርቃቱ እንዲያጥር የሚማለደው ከድር ነው። በዚያ ብርድ ግንባሩ ላብ አወጣ። ባቄላው ላይ ሲደርሱ እጄን ጭምቅ አድርጎ ያዘኝ። ተማሪዎች ላይ ሲደርሱ መተንፈስ አቆመ።

"የከድር ንግድ—"

ማንም አሜን ለማለት አልደፈረም። ሁሉም ስፒከሩን ያያል።

"—እንደ ጭላሎ ጸንቶ ይቁም!"

"አሜን!!!" ባጃጆቹ ጡሩምባ ነፉ። ከድር ካርቶኑ ላይ ቁጭ አለ።

እስከ መጨረሻው ተመረቀ፤ አዲሱ ስፒከር ሳይደክመው "አሜን"ን ሁሉ ይዞ ወጣ። ከድር ያለ ምንም ክርክር እጀታውን አስጨበጠኝ።

"ይሄንን ውሰድ ቲቸር። የተፈተነ ነው። ያችን ሴትዮ ላመጣልኝ ነጋዴ እመልሳታለሁ።"

"እሱስ ምንም የለበትም ቢልዎት?"

"ኦቦ ቱፋን ይዤ እሄዳለኋ!"

ቅዳሜ ሐዊ ዜናዋን አነበበች። ድምፅዋ በግቢው፣ በአጥሩ፣ ከአጥሩ ማዶ ባለው መንገድ ሁሉ ሄደ። እኔ ከስፒከሩ ጎን ቆሜ መብራቱን ስቆጣጠር ከፊት ረድፍ የተቀመጠ ቀጭን ሰውዬ አየሁ። አጎንብሶ፣ ጆሮውን አዘንብሎ ነው የተቀመጠው፤ ለካ ዕድሜ ልኩን ልጁን እንደዚያ ነው የሚሰማት። ጥቂት ቆይቶ ጆሮውን ማዘንበል እንደማያስፈልገው ገባው፤ ቀና አለ። አንብባ ስትጨርስ ወደ ጎረቤቱ ዞሮ አንድ ነገር ተናገረ። ድምፁ ከልጁ የባሰ ስለሆነ አልተሰማኝም። ከንፈሩን ማንበብ ግን በሐዊ ለምጃለሁ። "የኔ ልጅ ናት" ነው ያለው።

ከዚያ ወይዘሮ አልማዝ ማይኩን ለእኔ ሰጡኝ። "ባጭሩ" አሉኝ። ሰባቱን ነጥቦች ትቼ "እንኳን ደህና መጣችሁ፣ ልጆቹን አድንቁልኝ" ብዬ ብቻ መለስኩላቸው። ደረጀ በድንጋጤ ባትሪዬን ሊፈትሽ መጣ።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ያወጋኋችሁ እንድትሞክሩት ነው። ከእንግዲህ ስፒከር ስትገዙ በ"ሃሎ ሃሎ" እንዳትታለሉ፤ ሃሎ ላይማ የማይጎብዝ የለም። እባካችሁ ከሰፈራችሁ ምርቃት የሚያስረዝሙትን ሽማግሌ ፈልጉ፣ ሻይ ጋብዟቸው፣ ሱቅ ድረስ ይዛችኋቸው ሂዱና ማይኩን ስጧቸው። ከብቱን እንዳይረሱ በትሕትና አስታውሷቸው። እናንተም መዳፋችሁን ዘርግታችሁ፣ አንድ ዓይን ገልጣችሁ ቁሙ። ብቻ አደራ፤ መሃል ላይ የማታውቋት ሴት የሆነ ነገር ካለች፣ አሜን እንዳትሉ።